‹‹አቋረጥኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልመጡም››

በዚህ አምድ የፍቅር፣ የትዳርና የኩርፊያ ደብዳቤ ማንበብ ለምደናል። የዛሬው ግን ትንሽ ለየት ይላል። ጠያቂያችንን ፍቅረኛው አልከዳችውም፤ ገንዘብም አልጠፋበትም። የተበላሸበት ጨዋታ ነው። ‹‹ይሄም ችግር ሆኖ ጋዜጣ ላይ ይወጣል?›› እንዳትሉ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍረዱ። ስሙንና የሚሠራበትን ቤት እንደ ልማዳችን ትተነዋል።

‹‹ውድ አዘጋጅ፣

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጉለሌ ነው፤ የምሠራውም እዚያው አዲሱ ገበያ አካባቢ ነው። ማታ ከሥራ ስንወጣ ሰባት ስምንት የምንሆን ልጆች ጀበና ቡና የምታፈላ አንዲት እህታችን ዘንድ እንሰበሰባለን። ኳስ ካለ ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን እናያለን፤ ኳሱ ሲያልቅ ተመልሰን በርጩማችን ላይ ነን። ወሬያችን ስፖርት ብቻ ነው። ፖለቲካ የለም፣ ሐሜት የለም። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረናል። እውነቱን ልንገርህ፣ የቀኑን ድካም የሚያስረሳኝ ያ የማታው ጨዋታ ነበር።

አሁን ግን ጨዋታው ጨዋታ አልሆነም። ለሁለት ተከፍለናል። ግማሾቻችን አንድ ክርክር ከያዝን አንለቅም። ‹ኃይሌ ይበልጣል ወይስ ቀነኒሳ?› የሚለውን ከጀመርን ስንት ጊዜ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። ዛሬ የተባለው ነገ ይደገማል። ሌሎቹ ደግሞ ገና ከመቀመጣቸው ስልካቸውን አውጥተው ‹ይሄን ሰማችሁ? ይሄንንስ?› ይላሉ። የአርሰናል ዝውውር ይነሳል፤ እሱ ሳያልቅ የማንቸስተር አሰልጣኝ፤ እሱ ሳያልቅ የጊዮርጊስና የቡና ነገር ይመጣል። በአንድ ማታ አሥር ወሬ ይከፈታል፣ አንዱም አይዘጋም።

በቀደም አንዱ ጓደኛችን አንዲት ልጅ ይዞ መጣ። ስፖርት ትወዳለች። በምን እንደምንከራከር ስላልገባት ‹የምታወሩት ስለ የትኛው ውድድር ነው?› ብላ ጠየቀች። አንዱ ‹ፋራ› አለ። ሳቅን፤ እኔም ስቄያለሁ። ቡናዋን ጨርሳ ሄደች፤ ሁለተኛ አልመጣችም።

ለመጻፍ ያበቃኝ ግን ሌላ ነው። ከእኛ ጋር የሚቀመጡ አንድ አባት አሉ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ጥግ ይዘው ቡናቸውን ይጠጣሉ፤ አልፎ አልፎ የድሮ ስፖርት ያወጉናል። ስለ 1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ብዙ ጊዜ ነግረውናል። አንድ ማታ ስለ ታምራት ቶላ፣ በተጠባባቂነት ተይዞ ሄዶ ፓሪስ ላይ ስላሸነፈው፣ እየተጨቃጨቅን ሳለ ጋሼ ‹አበበም እኮ ሮም ሲሄድ...› ብለው ጀመሩ። እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ ስለነበር ቸኮልኩ። ‹ጋሼ፣ ይሄ ያረጀ ነገር ነው፤ አዲስ አዲሱን እናውራበት እባክዎ!› አልኳቸው። ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ሂሳባቸውን ከፍለው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ‹ደህና እደሩ ልጆች› ብለው ወጡ። ይኸው ወር አለፈ፤ አልመጡም። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲኬድ ነው። በበራቸው ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ። ማንኳኳት አቃተኝ።

ምን ላድርግ? ደግሞስ አዲሱንና የቆየውን ወሬ እንዴት ነው የምናስታርቀው? ሁልጊዜ ያው ከተወራ ይሰለቻል። ሁልጊዜ አዲስ ከተወራ ደግሞ ምንም ነገር አይያዝም።

ጨዋታ የፈረሰበት፣ ከጉለሌ››

ውድ ‹‹ጨዋታ የፈረሰበት››፣

የሚቀድመውን እናስቀድም። በሩን አንኳኳ። ሦስት ጊዜ ያለፍክበትን በር በአራተኛው አንኳኳው። ከጓደኞችህ ጋር ተሰብስባችሁ አትሂዱ፤ ያቋረጥካቸው አንተ ነህና ብቻህን ሂድ። ረጅም ንግግርም አታዘጋጅ። ‹‹ጋሼ፣ የዚያን ዕለት አቋረጥኩዎት። ስለ አበበ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሄዱ። እሱን ልሰማ ነው የመጣሁት›› በላቸው። ከዚህ የተሻለ ይቅርታ እኛ አናውቅም። ትልቅ ሰው የሚያስቀይመው ስድብ ብቻ አይደለም። ‹‹የእርስዎ ወሬ አይፈለግም›› ማለት ከስድብ ይብሳል፤ በተለይ ጡረታ ለወጣና ማታ ማታ የሚሰማው ሰው ለሚፈልግ አባት።

ለመሆኑ ምን ሊሉ ነበር?

እኛ ጋሼን አናውቃቸውም። ነገር ግን ‹‹አበበም እኮ ሮም ሲሄድ...›› ካሉ በኋላ የሚመጣውን መገመት አያቅትም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። አበበ የተሰለፈው በዋሚ ቢራቱ ምትክ እንደነበር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። አሁን ወደ እናንተ ወሬ ና። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ የኦሎምፒኩን የማራቶን ክብረ ወሰን ሲሰብር የሮጠው በማን ምትክ ነበር? በሲሳይ ለማ!

አየህ ወንድሜ? አንተ ‹‹ያረጀ ነገር›› ያልከው የእናንተኑ ወሬ ነበር። ጋሼ ሌላ ርዕስ አልከፈቱም። እናንተ በያዛችሁት ርዕስ ላይ፣ ከእናንተ አንዳችሁም ያላሰባችሁትን ነገር ሊጨምሩበት ነበር። ስለ ተጠባባቂ ስታወሩ 64 ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ሌላ ተጠባባቂ ይዘውላችሁ መጡ። አንተ ግን ዓመተ ምሕረቱን አይተህ አባረርከው።

የችግራችሁ ሥር እዚህ ላይ ነው። እናንተ ወሬን የምትለዩት ‹‹አዲስ›› እና ‹‹አሮጌ›› ብላችሁ ነው። መለየት የሚገባችሁ ግን ‹‹የያዝነውን ጨዋታ የሚያሳድግ ነው ወይስ የሚያፈርስ?›› ብላችሁ ነው። ትናንት የሆነ ነገር ጨዋታ ሊያፈርስ ይችላል፤ በ1952 የሆነው ደግሞ ሊያሳድገው ይችላል።

የቆየ ክርክር መቼ ይከፈታል?

‹‹ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?›› መጥፎ ክርክር አይደለም። በየቡና ቤቱ ስንቱን አምሽቷል! ኃይሌ ገብረሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወስዷል፤ በዓለም ሻምፒዮናም በዚሁ ርቀት አራት ጊዜ አሸንፏል። በማራቶን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች በመግባት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ በርሊን ላይ፣ መስከረም 2001 ዓ.ም.። ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ አለው፤ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮናም እንደ ኃይሌ አራት ጊዜ ነግሷል፤ ላይ የ5 ሺሁ አንድ ይጨመራል። የአገር አቋራጩንማ ተወው። ሁለቱም ወገን የሚለው አለው።

ችግሩ ክርክሩ መቆየቱ ሳይሆን ምንም ሳይጨመርበት መደገሙ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እንምከራችሁ። የቆየ ክርክር የሚከፈተው አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ይሁን። መስከረም 2012 ዓ.ም. ቀነኒሳ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገብቶ የኪፕቾጌን የጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ ሲስተው፣ ያን ማታ ክርክሩን መክፈት የሚገባ ነበር። የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በነሐሴ 2012 የ5 ሺሁን፣ በመስከረም 2013 የ10 ሺሁን የቀነኒሳ ክብረ ወሰን ሲሰብርም እንዲሁ። ውጭ አገር ‹‹ማራዶና ወይስ ሜሲ?›› እያሉ ሲከራከሩ የኖሩት ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሜሲ ኳታር ላይ የዓለም ዋንጫ ሲያነሳ አዲስ የሚሉት አገኙ። አዲስ የሚባል ነገር ከሌለ ግን ሽማግሌዎቻችን እንደሚሉት ‹‹ይደር!›› በሉት። ይደር ማለት ተሸነፍኩ ማለት አይደለም። ቀጠሮ ነው።

ሌላም ዘዴ አለ። ክርክሩ ከደረቀ ጥያቄውን ለውጡት። ‹‹ማን ይበልጣል?›› የሚለው ሰውን ለሁለት ይከፍላል። ‹‹ከሁለቱ ሩጫ የትኛውን ደግመህ ብታይ ትወዳለህ?›› ሲባል ግን ሁሉም የሚናገረው ያገኛል። ለምሳሌ ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ የተሮጠውን 10 ሺህ ሜትር አንሱ። ኃይሌ እግሩን ታሞ ነበር። ከፊት የነበሩት ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ ዞር እያሉ እሱን ሲፈልጉ፣ እንዲደርስባቸውም ፍጥነት ሲቀንሱ በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። እንደማይችል ሲያውቁ ሄዱ፤ ወርቁንና ብሩን አመጡ። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። እስቲ ይሄን አንሱና ማን ከማን እንደሚበልጥ ተጣሉበት! አትጣሉም። ወጣቶቹ ሩጫቸውን አልተዉም፤ ታላቃቸውንም ‹‹ያረጀ›› ብለው አልሄዱም።

አዲስ ወሬ እንዴት ይከፈታል?

ስልክ ይዘው የሚመጡት ጓደኞችህም ጥፋተኞች አይደሉም። እነሱ ባይኖሩ እናንተ እስከ ዛሬ ሲድኒ ላይ ነበራችሁ። ነገር ግን ወሬ ማምጣትና ወሬ መበተን ይለያያል። የእድር ስብሰባ አይተህ ታውቃለህ? አዲስ ጉዳይ ከመነሳቱ በፊት ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ‹‹በዚህ ላይ የቀረ አለ?›› ይባላል። የለም ሲባል ወደሚቀጥለው ይኬዳል። አባቶቻችን ይሄን ያደረጉት ወግ ስለሚወዱ ብቻ አይደለም፤ ያልተዘጋ ነገር ላይ አዲስ ነገር ከተጫነበት ሁለቱም እንደሚበላሹ ስለሚያውቁ ነው።

እናንተ መዝገብ ያዙ አንልም። ወሬ የሚከፍተው ሰው ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ይሄ ነገር አሁን በያዝነው ውስጥ የሚገባ ነው? ከሆነ ለብቻው አትክፈተው፤ እዚያው ላይ ጨምረው። ሰዎች ስለ ተጠባባቂ እያወሩ ተጠባባቂ ገብቶ ያገባበትን ጨዋታ ያየህ እንደሆነ ወሬህ ቦታ አለው።

ሁለተኛ፣ የተያዘው አልቋል? አንድ ሰው ገና ሐሳቡን እየቋጨ ከሆነ ጠብቅ። የአርሰናል ዝውውር ለአምስት ደቂቃ ቢቆይ ተጫዋቹ አይጠፋም። እንዲያውም የዝውውር ወሬ ግማሹ ነገ ሐሰት ሆኖ ይገኛል፤ ‹‹ፈረመ›› እስኪባል ብታቆዩት የማታችሁ ግማሽ ይተርፋችኋል።

ሦስተኛ፣ ከከፈትኩት በኋላ አብሬው እቆያለሁ? አንዳንዱ ወሬ ጥሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ሌላው ሲከራከር እሱ የሚቀጥለውን ይፈልጋል። የከፈተ ሰው እስኪዘጋ ድረስ ይስማ። ይሄ ብቻ ቢከበር አሥሩ ወሬ ወደ ሁለት ይወርዳል።

የጊዮርጊስና የቡና ነገር ግን ለብቻው ነው። ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ያለው ታሪክ፣ ቡና በ2003 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሳበት ደስታ፣ ይሄ ሁሉ የደጋፊ ደም ነው። የትኛውም ርዕስ ውስጥ ከገባ ርዕሱን ይውጠዋል። ስለዚህ የራሱን ቀን ስጡት። ሁለቱ በሚገናኙበት ሳምንት እስኪበቃችሁ ተበሻሸቁ፤ በሌላው ቀን ግን ታምራት ቶላ ላይ ‹‹እሱ የማን ደጋፊ ነው?›› ብሎ የሚያስገባውን ሰው ዝም አሰኙት።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

መቼም የምትቀመጡት ቡና ላይ ነው፤ ሥርዓቱን ከዚያው ተበደሩ። የመንገድ ጀበና ቡና በየስኒው እንጂ በየዙሩ እንደማይጠጣ እናውቃለን። ግን ቤት ያለውን ቡና አስቡት። ሦስት ዙር አለው፤ አንዱ የአንዱን ቦታ አይወስድም።

አቦሉ ለአዲሱ ይሁን። የዕለቱን የሰማ ሁሉ ይናገር፤ ከመካከሉ አንዱን ወይም ሁለቱን ምረጡ። ቶናው ከትናንት ለተላለፈው ይሁን፤ ‹‹ይደር›› የተባለ ካለ፣ አዲስ ማስረጃ ያመጣ ካለ፣ እዚህ ላይ ይቅረብ። በረካው ደግሞ ለወግ ይሁን፤ ለእንደ ጋሼ ያለው ሰው። ‹‹የመጨረሻውን ቀጭን ቡና ለሽማግሌ ሰጣችሁ›› እንዳትሉን። በረካ ስሙም የበረከት ነው፤ ሳይጠጣው የሚሄድ ሰው ‹‹ምነው ቸኮልክ?›› ይባላል። በዚያ ሰዓት ስልኩም ኪስ ይገባል፣ የሚጮኸውም ይደክመዋል። አንድ ሰው ሲያወጋ ሌላው የሚሰማበት ሰዓት እሱ ነው። ይሄ ሕግ አይደለም፤ አንድ ሳምንት ሞክሩትና ካልተስማማችሁ ተዉት።

ስለዚያች ልጅ

እሷን የረሳናት እንዳይመስልህ። ‹‹የምታወሩት ስለ የትኛው ውድድር ነው?›› ብላ ስትጠይቅ ሳቃችሁ። እኛ ደግሞ ደብዳቤህን ስናነብ ከሁላችሁም ቁም ነገር የጠየቀችው እሷ መሰለችን። ምናልባት ያን ማታ ከእናንተ መካከል ስለ የትኛው ውድድር እንደሚያወራ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም! አንዱ ስለ አቴንስ፣ ሌላው ስለ ቤይጂንግ፣ ሦስተኛው ስለ በርሊን እየጮኸ ስንት ጨዋታ ፈርሷል።

ሦስት ዓመት አብሮ የተቀመጠ ቡድን የራሱ ቋንቋ ያወጣል። ‹‹ያኛው ሩጫ››፣ ‹‹የዚያን ቀኑ ቅጣት ምት›› ሲባል ለነባሩ ይገባዋል፤ አዲስ ለመጣ ሰው ግን የተዘጋ በር ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገረው፤ ‹‹ስለ አቴንሱ 10 ሺህ ነው የያዝነው፤ እሱ መጠበቅ ነበረባቸው ይላል፣ ያኛው አልነበረባቸውም ይላል። አንቺስ?›› አለቀ። ያመጣት ጓደኛችሁ ‹‹ልጆቹ አጥፍተናል ብለዋል›› ብሎ ይንገራት። ከመጣችም የመጀመሪያውን ርዕስ እሷ ትክፈት።

ልብ በል ወንድማችን። ያን ሰሞን ሁለት ሰው ነው ያጣችሁት። አንዱ ከሁላችሁ በላይ የቆዩት፣ ሌላዋ ከሁላችሁ በኋላ የመጣችው። የቀራችሁት መካከለኞቹ ናችሁ፤ እናንተ ደግሞ አንዳችሁ ለሌላው የምትነግሩት ነገር አልቆባችኋል። ክርክሩ የሚደጋገመው ለዚህም ይሆናል።

ባዶ እጅህን አትሂድ

ወደ ጋሼ ቤት ስትሄድ ሩብ ኪሎ ቡና ብትይዝ ደግ ነው። ግን ከቡናው ጋር አንድ ወሬም ያዝላቸው። ስለ 1954ቱ ዋንጫ ደጋግመው እንደነገሩህ ጽፈሃል። ያ የፍጻሜ ጨዋታ የተደረገው እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ነው፤ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አቻ አድርጎን፣ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 ያሸነፍንበት ነው። ቀኑ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር።

አሁን የአንተን ጊዜ አስታውስ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን፣ በሰውነት ቢሻው አሰልጣኝነት፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር አደረግን። ሳላዲን ሰይድ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፤ በአሥር ሰው ሆነን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ 1 ለ 1። አንተ ያኔ ልጅ ነበርክ፤ ሰፈሩ እንዴት እንደጮኸ ሳታስታውሰው አትቀርም። ቀኑስ? ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.! ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት።

ይሄን ንገራቸው። እሳቸው የ1954ቱን ያውቃሉ፤ አንተ የ2005ቱን ይዘህ ትሄዳለህ። ‹‹አዲሱንና የቆየውን እንዴት እናስታርቅ?›› ላልከው ጥያቄ እኛ ያለን መልስ ይሄው ነው። አዲስ ነገር ስታመጣ የሚያርፍበትን የቆየ ነገር ፈልግለት፤ የቆየውን ስታነሳም አዲስ ነገር ጨምርበት። ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል ይባል የለ?

ጋሼ በሩን ከፍተው ‹‹ግባ›› ካሉህ ለረጅም ጊዜ ለመቀመጥ ተዘጋጅተህ ግባ። ሲጀምሩ አታቋርጥ። ስትወጣም ‹‹ነገ ማታ እንጠብቅዎታለን›› በላቸውና ጥጉን ክፍት አድርጋችሁ ጠብቁ። በመጀመሪያው ቀን ባይመጡ ተስፋ አትቁረጥ፤ ቂም ባይኖራቸው እንኳ ኩራት አለ።

መጥተው እንደሆነ ጻፍልን። እናንተም አንባቢያን፣ ማታ ማታ የምትሰበሰቡበት ቦታ እንዲህ ያለ ጥግ ይዞ ይቀመጥ የነበረ፣ አሁን የቀረ ሰው ካለ፣ ለምን እንደቀረ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ጻፉልን። ሳምንት እንገናኝ።